የቀበናን ወፎች ስንቈጥር

ከሁሉ አስቀድሜ ለመጽሔታችን አንባብያን አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የወፍ ሊቅ ሆኜ አይደለም። እንዲያውም በልጅነቴ በሰፈራችን ወንጭፍ ይዘው ከሚዞሩት ልጆች መካከል ዒላማ አይስትም የሚባለው እኔ ነበርሁ። ስንት ድንቢጥ እንደ ጣልሁ አላስታውስም፤ ነገር ግን አንድ ቀን ከአጥራችን ላይ መትቼ የጣልኋትን ትንሽ ወፍ አንሥቼ በእጄ ብይዛት ልቧ ሲመታ ተሰማኝ፤ ጥቂት ቈይቶም መምታቱን ሲተው ተሰማኝ። በዚያው ዕለት ወንጭፉን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። (መጣል ሲገባኝ ለወንድሜ መስጠቴ ያን ጊዜ ስሕተት መስሎ አልታየኝም።)

ዘንድሮ በጥር ወር፥ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ፥ አምስት የክፍል ጓደኞች ሆነን የቀበናን ወንዝ ይዘን ቍልቍል በመውረድ ወፍ ስንቈጥር ውለናል። ይህ ነገር በትምህርት ቤታችን ከተሰማ ወዲህ ስማችን «ወፍ ቈጣሪዎቹ» ሆኖ ቀረ። በየዕረፍቱ ሰዓት «እህሳ፥ ምን አገኛችሁ?» ብሎ የሚጠይቀን አይጠፋም፤ መልሱንም ራሱ «ወፍ የለም!» ይልና ጓደኞቹን ያስቃል። ቀልዱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። ወፍ አለ። በዚያች ዕለት በአራት ሰዓት መንገድ ውስጥ ያየነው ወፍ ከጠበቅነው ይልቅ እጅግ የበዛ ነበር። ክርክራችንም የተነሣው ከዚሁ ከመብዛቱ የተነሣ ነው፤ አሳቤን ለመግለጽ የምፈልገውም በዚህ ነገር ላይ ነው።

ቀበና ከእንጦጦ ተራራ ተነሥቶ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ታላቁ አቃቂ የሚገባ ወንዝ ነው። ታላቁ አቃቂና ታናሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፥ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ እንደሚቀር በጂኦግራፊ ትምህርት ተምረናል። እንግዲህ ከቀበና ድልድይ ላይ የምንወረውረው ፌስታል ከአገር አይወጣም ማለት ነው።

ጉዞአችንን ከጧቱ በአንድ ሰዓት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በታች ጀመርን። ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ከአንዱ ጓደኛችን አጎት ተውሰን ነበር፤ አንዱ ዓይኑ ተሰንጥቋል፤ በሁለተኛው ግን በደንብ ያሳያል። መዝገቡን የያዘችው ከመካከላችን ጽሕፈቷ የሚያምረው ጓደኛችን ነበረች። በዚያ ሰፈር የፈረንሳይና የእንግሊዝ ኤምባሲዎች ሰፋፊ ግቢዎች አሉ፤ በግቢዎቹ ውስጥ ያለው ዛፍ ከአጥሩ በላይ ይታያል። ለእኛ መግባት ባይፈቀድልንም ለወፎቹ አጥር የለባቸውም። እነርሱ ከዚያ እየተነሡ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ እኛም ከውጭ ቆመን መቈጠር ነው።

መጀመሪያ ያየነው ጋጋኖን ነው። ይህን ወፍ በአዲስ አበባ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ማለዳ ከጣሪያችን በላይ እያስካካ የሚያልፈው፥ ሰው የሚስቅ የሚመስለው፥ ጥቍር ሆኖ በክንፉ ላይ ነጭ ያለበት፥ መንቍሩም እንደ ማጭድ የጐበጠ ነው። በመነጽር ሲያዩት ግን ከጕሮሮው ላይ ትንሽ ሥጋ ተንጠልጥሎለት ይታያል። እኔ 18 ዓመት ሙሉ በዚህ ወፍ ጩኸት ከእንቅልፌ ስነሣ ይህን አላየሁም ነበር። በይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በየትም ስፍራ የማይገኝ መሆኑ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ይህን ወፍ ለማየት ባሕርና የብስ ተሻግሮ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ እንቅልፍ ነሣን ብለን ትራሳችንን በጆሯችን ላይ እንጭናለን።

በቀቀንም አየን። አረንጓዴ ናቸው፤ የወንዱ ግንባር ቀይ ነው። ስድስት ሆነው በአንድ አሮጌ ሾላ ላይ ሰፍረው ፍሬውን ይበሉ ነበር። ይህም ዘር እንደ ጋጋኖ የእኛና የኤርትራ ብቻ ነው። የሚያድሩትና የሚፈለፍሉት በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ስለ ሆነ ያረጀ ዛፍ ከሌለ ቤት የላቸውም። ከዚህ በላይ ደግሞ ወፍራም መንቍር ያለውና በማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ቁራ፥ ግንደ ቆርቍር፥ ርግብ፥ አበባ የምትቀስመው ብልጭልጭ ወፍ ሁሉ ተጻፉ። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ በመዝገባችን 19 ዓይነት ወፍ ሰፈረ፤ በቍጥር ግን ሁሉም ተደምረው 64 ብቻ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ወንዙ ወደ ሰው መካከል ይገባል። እንዴት እንደሚሸት መግለጽ አያስፈልገኝም፤ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ከድልድዩ ራቅ ብሎ፥ ወንዙ በሚጠመዘዝበት ስፍራ፥ የሰፈሩ ጥራጊ የሚደፋበት ገደል አለ። እዚያ ስንደርስ ሰማዩ በጭልፊት ተሸፍኖ አገኘነው። ሦስት ጊዜ ቈጥረን 58 ጭልፊት ጻፍን። በገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ 9 ጥንብ አንሣ እንደ ዕድር ሽማግሌ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ቁራና ሌላውም ሲጨመር 90 ወፍ ሞላ። ዓይነቱ ግን አምስት ብቻ ነው።

ክርክሩ በዚህ ተጀመረ። ከመካከላችን ነገር ማጣመም የሚወደው ልጅ «እንግዲያው ነገሩ ተገለጠ!» አለ። «በንጹሑ ስፍራ 64፤ በቆሻሻው ስፍራ 90። ስለዚህ ወፍ የምትወዱ ከሆነ ወንዙ ይጽዳ ብላችሁ እንዳትጽፉ» ብሎ ሳቀብን። በዚያ ሰዓት የሚመልስለት አልተገኘም። እኔም ዝም አልሁ፤ መንገዱን ሁሉ ግን ነገሩ በልቤ ይመላለስ ነበር። ሰኞ ዕለት ለባዮሎጂ አስተማሪያችን ብንነግራቸው፥ «የወፉን ብዛት ተዉትና ዓይነቱን ብቻ ጐን ለጐን ጻፉት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ምን እንደሚበላ ጻፉ» አሉን። እንደዚያ ስናደርግ ሁሉም በግልጽ ታየን። በላይኛው ስፍራ ያሉት 19ኙ የሚበሉት ፍሬ፥ የአበባ ማር፥ ትል፥ ጥንዚዛና ዘር ነው። በገደሉ ያሉት አምስቱ ግን የሚበሉት የእኛን ፍርፋሪ ነው። እነዚህ የወንዙ ወፎች አይደሉም፤ የቆሻሻችን ወፎች ናቸው። ቆሻሻው በየትም ስፍራ ቢደፋ ተከትለው ይሄዳሉ።

ታዲያ ወንዙ ቢጸዳ ጭልፊቶቹ ይቀንሳሉ። ይቀንሱ። ስለ ጥንብ አንሣዋ ግን እንዲህ በቀላሉ ለመናገር አልደፍርም። ፊቷ ራቍቱን የሆነው ይህች ቡናማ ጥንብ አንሣ በአፍሪካ በብዙ ስፍራ በመርዝና በአደን አልቃ፥ ከ2015 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ወዲህ ፈጽመው ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት ተራ ተጽፋለች። በእኛ ከተማ ግን በየቄራው አጠገብና በየጣሪያው ላይ ናት፤ ጥንብም እየበላች በሽታ ትከላከልልናለች። ስድብ አድርገን ስሟን ለሰው እንሰጣለን እንጂ አንድ ቀን አመስግነናት አናውቅም።

ከገደሉ በታች የአንዱ ጓደኛችን እናት አትክልት የሚያለሙበት መሬት አለ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። በወንዙ ዳር ሰላጣ፥ ቆስጣና ጐመን እየተከሉ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ አራት ልጆች ያሳደጉትም በዚሁ ነው። እኔ ወፉ እዚህ ያልቃል ብዬ ሳስብ በተቃራኒው ሆነ። በረጠበው አፈር ላይ 11 ጋጋኖዎች ትል እየለቀሙ ይመላለሱ ነበር። በመስኖው ቦይ ዳር ደግሞ ሆዷ ቢጫ የሆነ፥ ጅራቷን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትወዘውዝ የማትቆም ቀጭን ወፍ አየን። እኛ «ወዝዋዥ» ብለን ሰይመናታል። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፤ ይኸውም አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ቢሆን ነው። የምትፈለፍለው በአውሮፓና በእስያ ሲሆን የዚያን አገር ብርድ ሸሽታ የእኛን በጋ ልታሳልፍ ትመጣለች። ከዚያ ሁሉ አገር መርጣ የእትዬ ጐመን ዳር መስፈሯ ለእኔ ትልቅ ነገር ሆኖ ታየኝ።

እትዬ ዳቦና ሻይ አቀረቡልን። «ለመሆኑ ቈጥራችሁ ለምን ትጽፉታላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ቍጥራቸው ከታወቀ፥ የጠፉ ጊዜ መጥፋታቸው ይታወቃል ብለን አስረዳናቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው እኔንም ጻፉኝ» አሉ፤ አሉና ሳቁ። ጸሐፊያችን ግን አልሳቀችም። መዝገባችን ዛሬም ቢገለጥ እንዲህ ይነበባል፤ ጋጋኖ 11፤ ወዝዋዥ 4፤ እትዬ 1።

እንዲህ ያሉበት ምክንያት ነበራቸው። ቦታው ለወንዝ ዳር ልማት ስለሚፈለግ ከፋሲካ በፊት እንዲለቁ ተነግሯቸው ነበር። ምትክ ይኑር አይኑር የነገራቸው ግን የለም።

አሁን ወደ አሳቤ ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» በሚል ስም ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ድረስ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳር እንዲለማ ዕቅድ እንደ ወጣ ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ ስፍራ የወንዝ ዳር ተጠርጎ፥ በድንጋይ ተገንብቶ፥ መንገድና መብራት ገብቶለታል። ይህን የሚነቅፍ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ከእናቴ ጋራ በማታ እንዲህ ባለ ስፍራ ተመላልሻለሁ፤ ቀድሞ በቀን እንኳ አፍንጫችንን ይዘን በሩጫ የምናልፈው ነበር። እትዬም ራሳቸው ወንዙ መጽዳቱን አይጠሉም። በአቃቂ ወንዞች ውኃ በሚበቅለው አትክልት ውስጥ እንደ እርሳስ፥ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ብረቶች እንደ ተገኙ በልዩ ልዩ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች ገልጸዋል። ይህን ለእኛ ያነበበልን የእትዬ ልጅ ነው። ሲያነብ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ምክንያቱም ቤታቸው የሚበላው ጐመን ያው የሚሸጡት ነው። ስለዚህ «ይቅር፥ እንደ ነበረ ይሁን» የሚል ክርክር ከእኛ ዘንድ የለም።

የእኔ ክርክር ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ወንዝ ማለት ውኃ ነው እንጂ ዳር አይደለም። ዳሩ በጥርብ ድንጋይ አምሮ ሳለ ውኃው እንደ ቀድሞው ጠቍሮ የሚወርድ ከሆነ፥ ፊቱን ሳይታጠብ ነጠላ እንደ ለበሰ ሰው ይሆናል። ወዝዋዥ የምትፈልገው መብራት አይደለም፤ ድንጋይ ሥር የሚኖር ትል ነው። ትሉም የሚኖረው አየር ባለው ውኃ ውስጥ ነው። ሁለተኛም አሮጌውን ሾላ፥ ወይራና ጥድ ነቅሎ በፈንታው ዘንባባና ሣር መትከል ለዓይን ደስ ቢያሰኝም፥ በቀቀን ቀዳዳ ያለው ዛፍ እስኪያገኝ ስንት ዓመት ይጠብቃል? በአንዱ ወገን መንገዱ ይሠራ፤ በሌላው ወገን ጥሻው ይቅር ብዬ አስባለሁ። ጥሻ የሌባ መሸሸጊያ ነው የሚሉ እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ እናቴም ከእነርሱ አንዷ ናት፤ ፍርሃቷም ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሆንም መብራት በአንዱ ዳር ካለ በሌላው ዳር ቍጥቋጦ ቢኖር የሚፈራ ነገር አይመስለኝም። ሦስተኛም፥ በዚያ ዳር መቈፈርንና መትከልን ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ ሰው ዛፍ እንዲተክል፥ እንዲያጠጣና እንዲጠብቅ ቢቀጠር ለወንዙ ከእርሱ የሚሻል ዘበኛ ከየት ይመጣል?

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ ጽሑፌን በዚህ ብጨርሰው በወደድሁ ነበር። ግን የዚያ ዕለት ጉዞ ገና አላለቀም። ከእትዬ ዘንድ ስንመለስ ከወዲያ ማዶ ሆነን ወደ ወንዙ የሚወጡትን ቧንቧዎች እንቍጠር ተባባልን። 23 ደረሱ። ሃያ ሦስተኛውን የቈጠርሁት እኔ ነኝ፤ በላዩ ያለውን ሰማያዊ ግንብም ዐወቅሁት። የቤታችን ግንብ ነው። 18 ዓመት የኖርሁበትን ቤት ከጀርባው ያየሁት በዚያን ቀን ነው።

እኛ የአገራችንን ሰው «የወንዜ ልጅ» ብለን እንጠራለን፤ ለሰው የማይጠቅመውንም «ወንዝ አያሻግርም» እንላለን። በንግግራችን ሁሉ ወንዝ አለ። ቤት ስንሠራ ግን ፊቱን ወደ መንገድ፥ ጀርባውን ወደ ወንዝ እናደርገዋለን፤ ከጀርባችን የሚወጣውንም አናይም። ጓደኞቼ ግንቡን ዐውቀውት ይሁን አይሁን አልጠየቅኋቸውም። ነገርን የሚያጣምመው ልጅ እንኳ በዚያን ጊዜ ቃል አልተናገረም።

ማታ ለአባቴ ነገርሁት። በመጀመሪያ «ቤቱን ስንገዛው እንዲሁ ነበር» አለኝ። ቀጥሎም «ያልሆነ ማን አለ?» አለኝ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ወደዚያው ከሚያፈሱት ቤቶች መካከል ሌላ የሚያደርጉበት ገንዘብ የሌላቸው እንዳሉ፥ በሰፈሩም የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር እንደሌለ ዐውቃለሁ። እኔም አባቴን ለመክሰስ አልነበረም። ይህን ነገር በመጽሔት ልጽፈው እንደማስብ ስነግረው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በማግሥቱ ጧት ቍርስ ላይ «ስትጽፈው መቈፈር መጀመራችንንም ጻፍ» አለኝ። ገና አልተጀመረም ነበር።

በሚያዝያ፥ ከፋሲካ በኋላ፥ ያንኑ መንገድ ዳግመኛ ሄድን፤ አራት ሆነን ነው፤ የእትዬ ልጅ አልመጣም። መሬቱ በቆርቆሮ ታጥሯል። ሰላጣውና ቆስጣው ተነቅሎ አፈሩ ተገልብጧል። ወዝዋዦቹ ጊዜያቸው ስለ ደረሰ ወደ ሰሜን ሄደዋል፤ አንዲትም አላየንም። ጋጋኖዎች ግን በቆርቆሮው ውስጥ በተገለበጠው አፈር ላይ ስድስት ሆነው ትል ይለቅሙ ነበር፤ በቀዳዳ አጮልቀን ቈጠርናቸው። እትዬ አሁን ከሌላ ሰው ጐመን እየገዙ በጕልት ይሸጣሉ። ጸሐፊያችን በመዝገቡ የሚያዝያ ገጽ ላይ «እትዬ» ብላ ጻፈች፤ በአንጻሩ ግን ምን ቍጥር እንደምታሰፍር ስለ ቸገራት ባዶ ተወችው።

የእኛ ነገር እንዲህ ነው። ከእኛ ግንብ አጠገብ ያሉት ሰባት ቤቶች በአንድነት አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ አስቈፍረው በግንብ ለማስገንባት፥ ሲሞላም በመኪና ለማስመጠጥ ተስማምተዋል። እስካሁን የከፈሉት ሦስት ቤቶች ናቸው። ጉድጓዱ እስከ ወገብ ተቈፍሮ ቆሟል፤ ክረምት ሳይገባ ካልተገነባ አፈሩ ተመልሶ ይሞላዋል። አባቴ የቀሩት አራቱ እስከ ሰኔ ይከፍላሉ ብሎ ተስፋ ያደርጋል። እኔ ደግሞ ከአራቱ የአንደኛው ቤት ልጅ የክፍላችን ተማሪ እንደ ሆነና ይህ መጽሔት ከእጁ እንደሚገባ ዐውቃለሁ።